በጎማ ያስመጠጡህ ክሮም

ውዴ ደምሴ፣ የብርቄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ ብሎ መጀመር የደብዳቤ ወግ ነው። አንተን ግን እንዲያ ብዬ አልጠይቅህም። ያቺን የመጨረሻ ሳምንት እንዴት እንደ ሰነበትክ ከእኔ የበለጠ ያየ የለም። ከተለያየን ዓመት አልፎ፣ አንተ ያላየኸው ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። የበሬሳ ወንዝ ሞልቶ የታችኛውን ሜዳ ውጦታል፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሣም። ጋቢህን ከልጅህ ጋር ለሁለት ለብሰን እሳት ዳር ተቀምጠናል።

ብርቄ አድጋለች። ፊደል ጨርሳ ወንጌል ጀምራለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሌላ በቅለውላታል፤ ስትስቅ አንተን ቁርጥ ነች ይሏታል፣ እሷም ይህን ለመስማት ስትል በሰው ፊት ትስቃለች። ቤቱ ያው እንደተውከው ነው፤ በጓሮ በኩል ያፈስ የነበረውን ክዳን ሁሴን መጥቶ ደፈነልኝ። እኔ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ፤ የባና ብርድ ልብስ ሠሪዎቹ ይወስዱልኛል። ከሰው እጅ አልጠበቅሁም። ይህን ያስቀደምኩልህ እንድታርፍ ብዬ ነው። የቀረው የሚያሳርፍ አይደለም።

ጎረቤቱ ሁሉ «አሁንስ ልብሽን አሳርፊው፤ ንዴት የሞተ አይመልስ» ይለኛል። እውነት ነው፣ አይመልስም። ነገር ግን እኔ ልቤን ያሳረፍኩ ዕለት የገደሉህም አብረውኝ ያርፋሉ። የእነሱን ዕረፍት ነው የማልፈቅደው። ይህንም ደብዳቤ ማንም ቢያነበው አልሸሽገውም። ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ነገር እጽፈዋለሁ፤ አንተ ብታውቀው ሌላው አያውቅምና።

አንኮበር ላይ ገብስ የምትዘራባትን ቁራሽ መሬት ባለርስቱ ነጥቆ ለወንድሙ ልጅ የሰጠ ጊዜ አንተ አላማረርክም። «እጅ ካለኝ ሥራ አላጣም» ብለህ እኔንና ጨቅላዋን ይዘህ ደብረ ብርሃን ገባህ። የመጀመሪያው ክረምት ትዝ ይልሃል? ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ድንጋይ በእሳት አሙቀህ፣ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለህ እግሬ ሥር ታኖርልኝ ነበር። የአንተ እግር እንደ በረዶ ሆኖ ያድር ነበር፤ ሁለተኛ ድንጋይ እናሙቅ ስልህ «ማገዶው ለልጅቷ ይትረፍ» ትለኝ ነበር።

ከከተማው ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር አንድ ነጋዴ የቆዳ ማልፊያ ቤት ከፍቶ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። አንተና ሁሴን በአንድ ቀን ተቀጠራችሁ። እሱ ከአንኮበር ቆላ የመጣ እስላም፣ አንተ የደጋ ክርስቲያን፤ በአንድ በርሜል ላይ ቆማችሁ ወንድማማች ሆናችሁ። አባዬ ሥራህን በሰማ ጊዜ «የቄስ ልጅ ለፋቂ ነው የሰጠሁት?» ብሎ ላከብኝ። እሱ ራሱ ዕድሜ ልኩን ለመጽሐፍ የሚሆን ብራና ሲፍቅ የኖረ ካህን ነው። እኔ ተናድጄ አለቀስኩ። አንተ ግን ሳቅህ። «የእሱ ቆዳ መጽሐፍ ይሆናል፣ የእኔ ጫማ። በጉ እንደሆን አንድ ነው» አልከኝ። አባዬ ከዚያ በኋላ ደጃችንን አልረገጠም፤ አንተ ግን ሰው ወደ አንኮበር በሄደ ቁጥር ሰላምታ መላክህን አላቋረጥክም።

ምሽት ላይ የሥራህን ነገር ስታጫውተኝ ደስ ይልህ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ብርቱካን የመሰለ ጨው አለ አልከኝ፤ ክሮም ይሉታል። በውሃ ይበጠብጡታል፣ አሲድና ስኳር ይጨምሩበታል፣ ያን ጊዜ ይፈላና ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ቆዳውን የሚያለፋው እሱ ነው። «ለቆዳው ስኳር ይሰጡታል፣ ለእኛ ሻዩ መራራ ነው» ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻይ በቀዳሁልህ ቁጥር «ከቆዳው ድርሻ ጨምሪልኝ» ትለኛለህ፣ እኔም እስቃለሁ። ያን ውሃ እንደ ቀልድ ያየነው ማንም ምንነቱን ስላልነገረን ነው።

ቆይቶ ጣቶችህ መቁሰል ጀመሩ። እንደ ሌላ ቁስል አልነበረም፤ በምስማር የተበሳ ይመስል ክብና ጥልቅ ነበር። ብዙም አያምህም ነበር፣ ግን አይድንም። ቅቤ እየቀባሁ በጨርቅ አስርልህ ነበር። ሁሴን ደግሞ አፍንጫው ይደማ ጀመር። ካቦ ለምትሉት ለሥራ አለቃችሁ ብትነግሩት «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው» አላችሁ። ብርድ ከሆነ እሱ ስለ ምን ያለ ጓንት ወደዚያ በርሜል እንደማይጠጋ አልነገራችሁም። የነጋዴው ውሻ አንድ ቀን ከገንዳው ልትጠጣ ስትጠጋ ካቦው ራሱ ድንጋይ ይዞ ሮጦ አባረራት፤ «ትሞትብናለች» ሲል ሁሴን በጆሮው ሰምቷል። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ደምሴ፣ ይህን ሳስብ ፈትሉ ከእጄ ይወድቃል። ያውቅ ነበር።

ያ ቀን ግንቦት ውስጥ ነበር። ክሮሙን ከበርሜል ወደ ገንዳ የሚስበው የእጅ ፓምፕ ከፋሲካ ጀምሮ ተሰብሯል፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይመጣል እየተባለ ቀርቷል። ዝናቡ ሳይገባ ቆዳው መጫን ነበረበት፣ መኪናውም ከደብረ ሲና በኩል መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ካቦው የጎማ ቱቦ አመጣና «በአፋችሁ ስባችሁ አውርዱት» አላችሁ። ጎማውን መጀመሪያ የሰጠው ለሁሴን ነበር። ሁሴን እምቢ አለ። «እምቢ ያለ ከነገ ጀምሮ አይምጣ» አለው ካቦው። አንተ ያን ጊዜ ጎማውን ከሁሴን እጅ ወሰድክ። የልጆቹን ብዛት ታውቃለህ። ሁሴን ይህን ሲነግረኝ ፊቱን በኩታው ሸፍኖ ነው የነገረኝ።

የመጀመሪያውን በርሜል በደህና ሳብክ። በሁለተኛው ላይ ግን ውሃው አልመጣ ብሎ ቆየና፣ አንተ አጥብቀህ ስትስብ በድንገት አፍህን ሞላው። ሳል ይዞህ ዋጥከው። ከንፈርህና ምላስህ ብርቱካን መስለው ተጎንብሰህ ውሃ ለምነህ ስትጉመጠመጥ፣ ካቦው «ወተት ይጠጣበት፤ ጥላ ሥር ይቀመጥ» አለ። ከዚያም ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ለሌላ ሠራተኛ ሰጠ። ሥራው አልቆመም። ሁሴን ደግፎህ ሲወጣ መኪናው እየተጫነ ነበር።

ከደጃችን ሳትገባ አስመለሰህ። መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ በመጨረሻ ደም። «ጉሮሮዬ ውስጥ ፍም አለ፣ አስኩ» አልከኝ። ውሃ ብሰጥህ አልወርድ አለህ። ላብህ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሆድህን ይዘህ እንደ ሕፃን ተኮራመትክ። ከታችም ደም ወረደህ። ሁሴን ክሮም እንደ ዋጥክ ነገረኝና ጎረቤት ጠርቶ በቃሬዛ አስነሣህ። ከዚያ ካቦው የላከው ሰው መጥቶ ሁሴንን ወደ ሥራ መለሰው። እኔና ጎረቤቶቹ ሐኪም ቤት አደረስንህ።

ካቦው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ለእርዳታ የመጣ መስሎኝ እጅ ነሣሁት፣ አመሰገንኩት። ያቺ ምስጋና እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ትመረኛለች።

በሐኪም ፈንታ ሕመምተኛ የሚያየው ድሬሰር ወጣት ነው። «ምን ጠጥቶ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ «ክሮም ነው፣ የቆዳ ማልፊያው ክሮም፤ በጎማ አስመጥጠውት ዋጠው» አልኩ። ካቦው ሳቅ አለና «እህቴ ደንግጣ ነው። ክሮም የቆዳ ጨው ነው፣ ጨው ደግሞ ሰው አይገድልም። የጠጣው አረቄ ነው፤ ሰክሮ ነው ሥራ ላይ የወደቀው» አለ። «ባሌ አረቄ አይቀምስም» አልኩ። ድሬሰሩ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። ኮት የለበሰውን ሰው ቃል ነጠላ ከለበሰችው ሴት ቃል በላይ አደረገና የሆድ መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት ሰደደን። ከጎንህ ተጠግቶ አፍህን ቢያሸት ኖሮ አረቄ እንደሌለበት ያውቅ ነበር። ያን ያህል እንኳ አልተጠጋህም።

በማግስቱ ትውከቱ ጋብ አለ። ሻል ያለህ መሰለን። ብርቄን አጠገብህ አስቀምጠህ ጣቶቿን እየቆጠርክ አሳቅሃት። ከዚያ ግን ሽንትህ ቀረ። የምትጠጣው ውሃ የት እንደሚገባ ጠፋን። ፊትህ አበጠ፣ ዐይንህ ቢጫ ሆነ፣ ስቅታ ይዞህ አልለቅ አለህ። ሰው እየመጣ «የወፍ በሽታ ነው» ይላል፣ «ቡዳ ነው፣ ከፋቂ ጋር የዋለ መበላቱ አይቀርም» ይላል። ለአንተ የሚሆን ስም ሁሉ ነበራቸው፣ ከእውነተኛው ስም በቀር። አንድ ጊዜ ነቃ ብለህ «ፓምፑ መጣ?» ብለህ ጠየቅከኝ። እጅህን ያዝኩህ። የገደለህን ሥራ እየተጨነቅክለት ነበር።

አባዬ ነፍስህ ሳትወጣ ደረሰ። የላክሁበት መልእክት እንደ ደረሰው ከአንኮበር ያለ ዕረፍት በእግሩ ነው የመጣው። አልጋህ አጠገብ ተንበርክኮ በጨርቅ የታሰሩትን ጣቶችህን እየፈታ አንድ በአንድ አያቸው። አንተ ዐወቅከውና ልትነሣለት ሞከርክ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከእኛ ተለየህ።

የአረቄው ውሸት አልበቃቸውም። ገናዦቹ አፍህ ውስጥ የተቃጠለውንና የተላጠውን አይተው «ይህስ አረቄ አይደለም፣ መርዝ ነው» ባሉ ጊዜ ወሬው ተገለበጠ። «እንግዲያው ከካቦው ጋር ተጣልቶ ራሱ ጠጥቶት ነው» ተባለ። ማን እንደ ጀመረው አልተያዘም፤ ለማን እንደሚበጅ ግን ማንም አላጣውም። ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም። ሬሳህን ይዘን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ የደብሩ አለቃ «ነገሩ ሳይጣራ አይገባም» አሉ። አንተን፣ ጦም ሳትገድፍ የኖርከውን ሰው፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጡህ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶዬ ቆመ። በንዴት ለቅሶ እንደሚደርቅ ያን ቀን ዐወቅሁ።

ሁሴን ከአጥሩ ውጭ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። ካቦውም እዚያው ነበር፣ ጥቁር ከረባት አድርጎ። ሁሴን ከሰው መካከል ወጥቶ በሩ ድረስ መጣና ጫማውን አወለቀ። «ወላሂ፣ ያን ጎማ እኔ ነበርኩ መሳብ የነበረብኝ። ለእኔ ብሎ ነው የያዘው። ደምሴ ጠጥቶ አልሞተም፤ አጠጥተውት ነው የሞተ» አለ። ይህን ሲል ካቦውን በዐይኑ እያየ ነው።

አንዱ ደብተራ «ለክርስቲያን ፍትሐት የእስላም ምስክር ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ። ያን ጊዜ አባዬ ተነሣ። «እግዚአብሔር እውነቱን በማን አፍ እንደሚልክ እኔ አላዝዘውም። የዚህን ልጅ እጅ አይቻለሁ። ራሱን የሚጠላ ሰው እጅ አይደለም፤ ለልጁ የሠራ እጅ ነው። አማቼ ነው። እናንተ ካልፈታችሁት አንኮበር ወስጄ እኔው እፈታዋለሁ» አለ። አማቼ ሲልህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። አንተ ሳትሰማው መቅረትህ ዛሬም ያንገበግበኛል። አለቃው በሩን አስከፈቱ። ፍትሐትህ በሥርዓቱ ተደርሶ ነው የተቀበርከው። ይህን ዕወቅልኝ።

ሁሴን በማግስቱ ከሥራ ተባረረ። አሁን መንገድ ዳር ጨውና በርበሬ ይነግዳል። አንድም ቀን ሲጸጸት አልሰማሁትም።

ለቅሶው ሳይነሣ የማልፊያ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ላከብኝ። አንድ ብርድ ልብስና አንድ ኩንታል ስንዴ አምጥተው «ነገሩ በዚህ ይለቅ፤ የሞተውን አፈር ይቅለለው» አሉኝ። ባሌን በብርድ ልብስ ለወጡኝ። ብርቄ በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ጎተራውም ባዶ ነበር፣ አልዋሽህም። ግን አህያ ለምኜ ሁለቱንም ጭኜ የማልፊያ ቤቱ በር ላይ አራገፍኩት። ከዚያም አውራጃ ፍርድ ቤት ሄጄ ከሰስኩ።

ስንት ጊዜ ቀጠሮ እንደተሰጠኝ አልነግርህም፣ ይሰለችሃል። ድሬሰሩ ግን መጣ። ከሞትህ በኋላ ሰው ጠይቆ፣ ከበላዮቹ ሐኪሞች ተረድቶ ነበር፤ በገዛ እግሩ መጥቶ ቃሉን ሰጠ። «ይህ ነገር ከተዋጠ አንጀት ያቃጥላል፣ ከዚያ ኩላሊትና ጉበት ይገድላል። እውነቱን ይዤ ቢሆን በዚያው ቀን አዲስ አበባ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልከው ነበር። ይድን ነበር ብዬ አልምልም፤ ብዙ ሰው አይተርፍበትም። ግን የመዳን ዕድል እንኳ ነፈግነው» አለ። «ነፈግነው» አለ፣ «ነፈጉት» አላለም። ለዚህ ቃሉ ስል እሱን ትቼዋለሁ።

ዳኛው «ሆን ብሎ የገደለ የለም» ብሎ ካቦውን አሰናበተው። ሆን ብሎ የገደለ የለም ደምሴ። ጓንቱን ሆን ብሎ አጥልቋል፣ ጎማውን ሆን ብሎ ሰጥቷል፣ አረቄውን ሆን ብሎ ፈጥሯል፤ መግደሉ ብቻ ሳይታሰብ ሆነ። ለውሻዋ እንኳ ያሰቡትን ለአንተ አላሰቡም። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ይህንኑ ተናገርኩ፤ «ሴትዮዋን አስወጧት» ተባልኩ፣ ወጣሁ።

ካቦው ዛሬም ካቦ ነው። ፓምፑ ከቀብርህ በኋላ ወዲያው ተሠራ፤ መለዋወጫው ያን ያህል ቅርብ ኖሯል። ግን አሁንም ይበላሻል ይላሉ፣ ጎማውም አልተጣለም፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

እኔ ምን አደርጋለሁ መሰለህ? ሰኞ ሰኞ አዲስ ሠራተኛ የሚቀጠርበት ቀን ነው። ከመዘዞም ከእነዋሪም ከአንኮበርም መሬት ያጡ ጎልማሶች እየመጡ በሩ ላይ ይሰለፋሉ። እንዝርቴን ይዤ ከመንገዱ ማዶ እቆማለሁ። ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ነው የምነግረው፦ «ብርቱካን የመሰለውን ውሃ በእጅህ አትንካ፤ በጎማ ሳብ ቢሉህ እምቢ በል። ባሌ ደምሴ ስቦት ሞቷል።» ዘበኛው ያባርረኛል፤ እኔም መንገዱ የነጋዴው አይደለም እለዋለሁ። አንዳንዱ እብድ መስዬው ያልፈኛል። አንዳንዱ ይሰማል። በቀደም አንድ የመዘዞ ሰው ሥራ ሲወጣ ፈልጎኝ መጣ። ፓምፑ ቆሞ ኖሮ ጎማውን ሰጥተውት ነበር። አልስብም አለ። አጠገቡ የነበሩትም አንስብም አሉ። ካቦው ተቆጣ፣ ዛተ፣ በመጨረሻ በባልዲ አስቀዳው። ሰውየው ይህን ነግሮኝ ስምህን ደግሞ ጠየቀኝ፤ ለሚስቱ ሊነግራት።

አባዬ በየቅዳሴው በክርስትና ስምህ ያስብሃል። እኔና ብርቄ መቃብርህን ክረምቱ እንዳያፈርሰው ድንጋይ ደርድረንበታል። በዚያ በር ላይ ግን በዓለም ስምህ፣ ደምሴ ብዬ፣ በሙሉ ድምፄ እጠራሃለሁ። እግሬ እስካቆመኝ ድረስ አልተውም፤ እኔ ስደክም ብርቄ ትቆማለች፣ ከአሁኑ ነግሬያታለሁ። ካቦውም ባለቤቱም የሚገቡት በዚያው በር ነው። በገቡ ቁጥር ስምህን ይሰሙታል።

ሚስትህ አስካለ
ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ